ሚዛን የማያውቀው ሸቀጥ

«ድሮ ለጌጥ ነበር የምታስወጣን። አሁን ለጤናችን የምታስብ ሆናለች፤ እግዜር ይስጣት።»

ይህን ያሉኝ ጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ደረጃ ሥር ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቴ ናቸው። ቡና እያፈሉ ነበር። የሚያወሩልኝ ስለ አንዲት የስልክ ላይ ገበያ መሥራች ነው፤ በቴሌግራም ቻናል ጀምራ፣ ኋላ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይቭ እየገባች የምትሸጥ ሴት። ሁለት ሦስት ዓመት ሙሉ ወርቅ ቅብ ሐብል፣ የብር ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ ለሠርግና ለጥምቀት የሚሆን የአንገት ጌጥ ስታቀርብ ሰፈሩ ያውቃታል። አምና ጌጣጌጡ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ በቀስ ተነሣና በቦታው ብልቃጥ ተደረደረ፦ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለማህፀን፣ ለጉበት «ማጽጃ»። ሴትዮዋ ያቺው ናት። መብራቱም፣ የጠረጴዛው ልብስም፣ «ፍጠኑ፣ አምስት ብቻ ነው የቀረው» የሚለው ድምፅም ያው ነው።

ስሟን አልጠራም። ክርክሬ ከጎረቤቴ ምርቃት ጋር ነው፤ ያ ምርቃት የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ። ከሜክሲኮ ጀሞ በሚጫነው ሚኒባስ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ እድር ድንኳን ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ የተማሩና ብዙ ያነበቡ ወዳጆቼም በሌላ ቃል ይሉታል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጌጥ ከንቱ ነገር ነው፣ ጤና ግን ቁም ነገር ነው፤ ስለዚህ ጌጥ መሸጡን ትቶ የጤና ምርት መሸጥ የጀመረ ነጋዴ አንድ ደረጃ ከፍ ብሏል፣ በስሏል፣ ከኪሱ አልፎ ለሰው ማሰብ ጀምሯል። ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ምስጋና እንጂ ጥያቄ አይቀርብለትም።

እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ከጌጥ ወደ ጤና መሻገር ለነጋዴው ከሚመዘን ዕቃ ወደማይመዘን ዕቃ መሻገር ነው። ጌጥ ሲሸጥ አንድ ጥያቄ ከጠየቅነው፣ ጤና መሸጥ በጀመረ ዕለት አሥር ልንጠይቀው ይገባል። እኛ ግን የነበረችውን አንዷንም ጥያቄ እንተውለታለን።

ስለ ወርቅ ላውራ፤ ነገሩ የሚገባው ከዚያ ሲነሡ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴን ተከትዬ ፒያሳ ወርቅ ቤት እገባ ነበር። ሰፈሩ እንዲህ ሳይፈርስ፣ ወርቅ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ሳሉ ማለቴ ነው። ሚዛኑ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ እስትንፋስ እንኳ እንዳያናውጠው። ሰውየው ቀለበቱን ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተግ ያደርጋል፣ በቀረው ጭረት ላይ አንድ ጠብታ አሲድ ያንጠባጥባል፣ ቀለሙን አይቶ ካራቱን ይናገራል። 21 ካራት ማለት ከመቶው 87.5 ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 18 ካራት ማለት 75 ነው። ከዚያ ግራሙ ይነበባል፣ ይባዛል፣ ዋጋው ይወጣል። እናቴ ዋጋውን ሰምታ ዝም ብላ ትወጣና ቀጥሎ ያለው ሱቅ ትገባለች። እዚያም ያው ድንጋይ፣ ያው አሲድ፣ ያው ሚዛን አለ። የመጀመሪያው ሰው ዋሽቷት ከሆነ ሁለተኛው በአሥር እርምጃ ርቀት ያጋልጠዋል።

በዚህ ገበያ ውስጥ የነጋዴው ደግነት አያስፈልግም። ደግ ቢሆን እሰየው፤ ክፉ ቢሆንም ድንጋዩ አለ። ዘመን ያስተማረው ሕዝብ ከወርቅ ሻጭ ምሕላ አይጠይቅም፤ ሚዛኑን ነው የሚያየው።

የጎረቤቴ ሻጭ የምታቀርበው ወርቅ ቅብ እንጂ ወርቅ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ፍርዱን ይዞ ይዞራል። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ የገዙት ሐብል በሁለተኛው ሳምንት አንገታቸው ላይ ጠቆረ። ፎቶ አንሥተው በኢንቦክስ ላኩ፤ ዴሊቨሪው መጥቶ ቀየረላቸው። ለምን ቀየረች? ጥቁረቱ ስለሚታይ ነው። ሐብሉን አንጠልጥለው ቡና ላይ ቢያሳዩት አሥር ሴት ያያል፤ አሥር ደንበኛ ይሄዳል። ዓይን ዳኛ የሆነበት ንግድ ነበር።

ደግሞስ ጌጥን ከንቱ ያለው ማን ነው? በእኛ አገር ወርቅ የባንክ ደጃፍ ለማታውቅ ሴት ባንኳ ነው። ጎረቤቴ እቁብ ሲደርሳቸው የገዙት ቀለበት ነበራቸው፤ ልጃቸው እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ያ ቀለበት ተሸጠ። ሲሸጥ ዋጋው ከተገዛበት በልጦ ነበር። በሚቀጥለው የእቁብ ዕጣ የገዙት ግን ብልቃጥ ነው፤ የሦስት ወር «ፓኬጅ»። ያ ብልቃጥ ባዶ ሲሆን በየትኛው ሱቅ ይሸጣል? እንግዲህ ከሁለቱ ዕቃዎች ከንቱው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ይህ ሽግግር የጀሞ ፈጠራ አይደለም። ክሩን ይዘን ብንሄድ ወሎ ያደርሰናል፣ ከወሎም አልፎ እንግሊዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ኦፓል ተገኘ። ገበሬዎች በገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ እየቆፈሩ፣ በናዳ እየተቀበሩም ጭምር፣ ያወጡት ድንጋይ በጥቂት ዓመት ውስጥ «ወሎ ኦፓል» ተብሎ የዓለም ገበያ አወቀው። ካነሡት መካከል የቴሌቪዥን የጌጣጌጥ ቻናሎች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ከእነዚህ ቻናሎች ስመ ጥር የሆነውን ጄምስ ቲቪን እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተው ስቲቭ ቤኔት ነው። ሰውየው ቀድሞ ጀንግል ዶት ኮም የተባለ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫውን እ.ኤ.አ. በ2000 በ37 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጧል። ጄምስ ቲቪ የታወቀበት ዘዴ ጨረታን መገልበጥ ነበር፦ ዋጋው ከላይ ይጀምርና በተመልካች ዓይን ፊት እየወረደ ይሄዳል፤ ስልክ ቀድሞ የደወለ ያገኛል፤ ዕቃው ሲያልቅ ጨረታው ይዘጋል። ኋላ ጄምፖሪያ በተባለው ቻናሉ የወሎን ኦፓል ለእንግሊዝ ቤቶች ሲሸጥ ኖረ። ከዓመታት በኋላ ቤኔት ፊቱን ወደ ጤና መለሰ። ስለ አመጋገብና ስለ አኗኗር መጽሐፍ ጻፈ፤ የምግብ ማሟያ የሚሸጥ ድርጅትም አቋቋመ።

በዚህ ሰው ላይ ክስ የለኝም። ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ እንደሆነም ልቀበል። ነገር ግን ስለ ድንጋዩ አስቡ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ ይጠፋል፣ ይጠራል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ሲደርቅ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህን ጠባዩን አይተው በጢስ አጥቁረው «ጥቁር ኦፓል» ብለው የሚሸጡ ተገኙ። ታዲያ የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያ በማጉያ መነጽር አይቶ ይለየዋል። በርሚንግሃም ያለች ሴት ዛሬ የገዛችውን ኦፓል ከአሥር ዓመት በኋላ ከሣጥኗ አውጥታ ላቦራቶሪ ልትወስደው ትችላለች፤ ድንጋዩ እዚያው አለ። የዋጠችውን እንክብል ግን ማን መልሶ ይመረምርላታል?

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በቴሌቪዥን ቻናሎች ቀይ አንደሲን የሚባል ድንጋይ እንደ ብርቅ ይሸጥ ነበር፤ ከቲቤት የመጣ፣ ተፈጥሮ የቀባው እየተባለ። ባለሙያዎች ሲመረምሩት ቀለሙ በምድጃ ሙቀት መዳብ እንዲሰርግበት ተደርጎ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ጁወልሪ ቴሌቪዥን የተባለው ቻናል እ.ኤ.አ. በ2008 መሸጡን አቆመ፤ ገዢዎችም ፍርድ ቤት ሄዱ። ሐሰቱ ዓመታት ቢቆይም ድንጋዩ በየሰዉ ጣት ላይ ተቀምጦ ምስክርነቱን ይጠብቅ ነበር። ማስረጃው በገዢው እጅ የሚቀርበት ንግድ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ጠረጴዛ እንምጣ። የቴሌቪዥን ገበያ አባት የሚባለው ሆም ሾፒንግ ኔትወርክ መነሻው የቆርቆሮ መክፈቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፍሎሪዳ፣ ክሊርዎተር ውስጥ አንድ ማስታወቂያ አስነጋሪ ለሬዲዮ ጣቢያው የሚከፍለው ገንዘብ አጥቶ 112 አረንጓዴ ቆርቆሮ መክፈቻ ሰጠ፤ አቅራቢው በአየር ላይ አንዱን በ9.95 ዶላር ሸጦ ጨረሰው። መክፈቻ ወይ ይከፍታል ወይ አይከፍትም፤ ገዢው ማታውኑ ያውቃል። ከዚያ ጌጥ መጣ፣ ከዚያ ቫይታሚን መጣ። ቫይታሚን ሲመጣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከትሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጣቢያው አፍ ውስጥ የሚረጩ የቫይታሚንና የሲጋራ ማስተዊያ ምርቶችን ያለ ማስረጃ ይፈውሳሉ እያለ ሸጧል ተብሎ ተከሰሰ፤ ትእዛዝ ተሰጠው። ትእዛዙን ጥሷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ተፎካካሪው ኪውቪሲም ስለ ጤና ምርት በሚናገረው ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ትእዛዝ ከተጣለበት በኋላ፣ በ2004 ስለ ማክሰሻ እንክብልና ስለ ኃይል ሰጪ ምርቶች እንደገና ተከሰሰ፤ በ2009 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እነዚህ በጓዳ የሚሠሩ ነጋዴዎች አይደሉም። ጠበቃ ያላቸው፣ ምርመራ ክፍል ያላቸው፣ በየመንደሩ የሚታወቁ ጣቢያዎች ናቸው። እነሱን ያሳተ ጠረጴዛ ጀሞ ላይ፣ በአንድ ስልክና በአንድ መብራት የሚሠራውን ሰው እንዴት አያሳስት?

ጎልድኩዌስት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ሆንግኮንግ ላይ በወርቅ ሳንቲም የጀመረው፣ ዛሬ ኪውኔት የሚባለው ድርጅትም መንገዱ ይኸው ነበር፤ ከሳንቲሙ ቀጥሎ ውሃን ያስተካክላል የተባለ የመስታወት ዲስክና ጉልበትን ያመጣጥናል የተባለ የአንገት ጌጥ መጡ። በዚያ አንገት ጌጥ ላይ ጌጥና ጤና አንድ ላይ ተሰፉ፤ ወርቁ የሚመዘን ነበር፣ ጉልበቱ ግን በየትኛው ሚዛን?

የጤና ምርት ሚዛን የለውም ስል መድኃኒት አይመረመርም ማለቴ እንዳይመስል። ይመረመራል፤ ግን ዓመታት፣ ገንዘብና በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጠይቃል፤ መርማሪው ደግሞ ገዢው አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ የምግብ ማሟያ ሻጭ ከመሸጡ በፊት ምርቱ እንደሚሠራ ማስረዳት አይጠበቅበትም። እዚያ የታተመ ብልቃጥ እዚህ «የአሜሪካ ነው፤ ኦርጅናል ነው» ተብሎ ሲመጣ ሰው የተፈተነ ይመስለዋል። የአሜሪካ መሆኑ ስለ ፋብሪካው አድራሻ ይናገራል፤ ስለ መሥራቱ ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ሻጩ ሁልጊዜ መውጫ አለው። ጎረቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ከጤና ጣቢያ ሜትፎርሚን ይወስዱ ነበር። ላይቩ ላይ «ኬሚካልና ተፈጥሮ አይስማሙም» ሲባል ሰምተው መድኃኒቱን አቆሙ፤ ማንም «አቁሚ» ብሎ አላዘዛቸውም፤ እንዲያቆሙ የሚያደርግ ቃል ግን ተነገራቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ጥም በዛባቸው። በኢንቦክስ ጠየቁ። መልሱ «ሰውነትዎ መርዙን እያወጣ ነው፤ ምልክቱ ጥሩ ነው» ሆነ። በአራተኛው ሳምንት እግራቸው ደነዘዘ። «ምግብ ላይ አልተጠነቀቁም» ተባሉ። በስድስተኛው ሳምንት ልጃቸው በጣት መመርመሪያው ለካቸውና ቁጥሩ ከ380 አለፈ። «ሦስቱን ወር ሳይጨርሱ እንዴት ይፈርዳሉ?» የሚል መልስ መጣ።

እነዚህን ሦስት መልሶች ደግማችሁ አንብቧቸው። ቢብስባችሁ ማስረጃ ነው፤ ባይሠራ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ብትጠራጠሩ ቸኮላችሁ። ሐብሉ ሲጠቁር «አንገትዎ ጥፋተኛ ነው» ያለ አልነበረም። ይኸው ሰው፣ ይኸው ቻናል፣ ይኸው ደንበኛ ሆኖ ሳለ ዕቃው ሲቀየር የጥፋቱ ተሸካሚም ተቀየረ። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ሴትዮዋ ጌጥ ስትሸጥ ከነበረችው የባሰች ክፉ ሆና አይመስለኝም፤ ምናልባት የምትሸጠውን ራሷም ትውጠዋለች። ግን አንገት ላይ የሚጠቁር ነገር ስለሌለ እሷን ራሷን የሚያርማት ነገር የለም። ሐቀኛ ነጋዴ እንኳ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሐቁን የሚያውቅበት መንገድ አጥቷል።

ጎረቤቴ አሁን ደኅና ናቸው። ሆስፒታል ገብተው ወጥተዋል፤ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

«ተፈጥሮ ነው፤ ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለውን መልስ ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ፤ ከአፋችን የማይጠፋ ስለሆነ። ኮሶ ተፈጥሮ ነው፤ አያቶቻችን ግን መጠኑን እየፈሩ ነበር የሚጠጡት። ሲንጋፖር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ወራት ስኳር የሌለባቸው 150 ያህል ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። ብዙዎቹ ለወንድነት የሚሆን «ዕፅዋታዊ» የተባለ ምርት ወስደው ነበር፤ ሲመረመር በውስጡ ግሊበንክላሚድ፣ የስኳር ሐኪሞች በጥንቃቄ የሚያዙት መድኃኒት፣ ተደብቆ ተገኘ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ያልተጻፈ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው 776 የምግብ ማሟያዎችን ይፋ አድርጓል። ከማክሰሻዎቹ መካከል ብዙዎቹ ሲቡትራሚን ነበረባቸው፤ ልብ ይጎዳል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ የወጣ መድኃኒት። እንግዲህ ላይቩ ላይ «እኔ በአንድ ሳምንት ለውጥ አየሁ» የምትለው ሴት ላትዋሽ ትችላለች። ለውጡን ያመጣው በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ነገር ሊሆን ይችላልና።

ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ዕፅ እንኳ ቢሆን ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል። የሊኮሪስ ሥር የደም ግፊት ይጨምራል። ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው የአውሮፓ ቅጠል የወሊድ መከላከያ እንክብልን ሥራ ይቀንሳል፤ የኤችአይቪ መድኃኒትንም እንዲሁ። ስኒ ሙሉ አረንጓዴ ሻይ ማንንም አይገድልም፤ ተጨምቆ በእንክብል ሲታሸግ ግን ጉበታቸውን የጎዳቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ወርቅ ሻጭ «ሌላ ምን ቀለበት አድርገዋል?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ጤና የሚሸጥ ግን «ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሳይል አንድ ብልቃጥ ማንሣት የለበትም። ያንን ጥያቄ ላይቭ ላይ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ ልትጠይቀው ብትፈልግም አትችልም፤ ሦስት መቶ ሰው እያየ፣ ዋጋው እየወረደ፣ አምስት ብቻ ቀርቶ እንዴት ትጠይቅ?

ዘዴው ራሱ የጌጥ ዘዴ ነው። አንድ ዓይነት ድንጋይ አንድ ስለሆነ «አሁን ካልወሰዱ የለም» ማለት እውነት ነበረው። ሕክምና ግን የሚሠራው በዝግታ ነው፤ ይመረመራል፣ ይጠበቃል፣ ይለካል፣ መጠኑ ይስተካከላል፣ እንደገና ይለካል። ጥድፊያን ሰብስቦ የኖረ ጠረጴዛ ላይ ትዕግሥት የሚጠይቅ ዕቃ ማስቀመጥ ሁለቱንም ያበላሻል። ሰው ከመተኛቱ በፊት ደክሞ፣ ብቻውን፣ የስልኩን ብርሃን እያየ ስለ ኩላሊቱ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ይወስናል።

ከሁሉ የበረታውን ክርክር ወደ መጨረሻ ያቆየሁት አክብሬው ነው። «ሆስፒታልስ ምን አለው? ወረፋው አይደርስ፣ ምርመራው ውድ፣ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ጠፍቶ ከግል ፋርማሲ ግዙ ይባላል። እሷ ቢያንስ ታናግረናለች፤ ስማችንን ታውቃለች።» ይህን ጎረቤቴ ብቻ ሳይሆኑ እኔም ብያለሁ። ካርድ አውጥቼ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆሜ «ነገ ተመለሺ» የተባልኩበት ቀን አለ። የሕክምናው ደጃፍ ሰውን እንደሚያዋርድ ክጄ ክርክር ማሸነፍ አልፈልግም። ጎረቤቴ ወደ ላይቩ የሄዱት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፤ ስማቸው የሚጠራበት ቦታ ፈልገው ነው።

ነገር ግን ይህ እውነት ለማን ይመሰክራል? የታመመ፣ የተጉላላ፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ሰብአዊ ወሬ ሲያጣ የሚያገኘው ሰው ከሁሉ የበለጠ መታመን የሚገባው መሆን ነበረበት። ጌጥ ገዢ ተርፎት ነው የሚገዛ፤ ቢታለል የተረፈውን ነው የሚያጣ። ጤና ገዢ ግን ከፍርሃቱ ነው የሚከፍለው። እቁቡን፣ የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለሜትፎርሚን የያዘውን ብር ነው የሚያወጣ። ጤና ጣቢያው ደካማ መሆኑ ሻጯን ከጥያቄ ነፃ አያወጣትም። ጤና ጣቢያውን የሚጠግን ብር ነው በብልቃጥ የሚሄደው፤ በስድስተኛው ሳምንት የሚመጣውንም ሕመምተኛ የሚቀበለው ያው የተሰለፈበት ጤና ጣቢያ ነው፤ አሁን ግን ብሶበት።

ሕግ የለም አይባልም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠፋ፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. አንድ ቀን ማታ እንደተኛን ጠዋት አጥተነዋል። ያ ሁሉ የቢራ ፋብሪካ ገንዘብ ያልገታውን ሕግ ያው መንግሥት አውጥቶ አስፈጽሟል። በዚያው አዋጅ መድኃኒት ሳይመዘገብ አይሸጥም። መድኃኒት ማለት ደግሞ በሽታን ለማከም ወይም ለመከላከል የሚቀርብ ነገር ነው። ስለዚህ ሻጯ ብልቃጡን «የምግብ ማሟያ» ብላ ብታስገባውም፣ «ስኳርን ያድናል» ያለች ዕለት ስሙ በአፏ ተቀይሯል። ቢራን ከስክሪን ያወረደ አገር ከቢራ የበለጠ የሚያሳስበውን ነገር በስልክ ስክሪን ላይ ዝም ብሎ የሚያየው ለምንድን ነው? ጌጥ ወደ ጤና ሲሻገር እንደ በጎ ሥራ ስለምናየው ይመስለኛል። ምርቃታችን ነው የአገራችንን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያስተኛው። ለቢራ የሚመርቅ ስላልነበረ ቢራ ተያዘ።

ጀሞ ውስጥ ካወቅኋቸው ፋርማሲስቶች አንዱ ጋ የጎረቤቴን ብልቃጥ ይዤ ሄድኩ። ገልብጦ አየው፣ በስልኩ መብራት ፊደሉን አነበበ። የአምራቹ አድራሻ የለም። የባች ቁጥሩ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ በጥፍር ይነሣል። የኢትዮጵያ ምዝገባ ቁጥር የለም። «ይህን ሰምቼ አላውቅም» አለ፤ «ጎጂ ነው ለማለትም አልችልም፤ ጠቃሚ ነው ለማለትም አልችልም። ምን እንዳለው የሚያውቅ ሰው ከሁለታችን መካከል የለም።» ከዚያ የባለሥልጣኑን ነፃ መስመር 8482 በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ላይቭ የሚገባ ሰው ዋጋ ከመናገሩ በፊት የምዝገባ ቁጥሩን ካሜራው ላይ ያሳይ፤ ወርቅ ሻጭ ከዋጋው በፊት ግራሙን እንደሚያሳየው። «የሐኪም መድኃኒትዎን አያቁሙ» የሚለውን በየአሥር ደቂቃው ይበል። ለምርቱ ኃላፊነት የሚወስድ ፋርማሲስት በስሙ ይቅረብ። የከሰሰ ደንበኛ ጽሑፍ አይጥፋ። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ካለ እኔም አብሬ እመርቃለሁ። የማያደርግ ከሆነ ወደ ሐብሉ ይመለስ፤ ሐብል መሸጥ የሚያሳፍር ሥራ ሆኖ አያውቅም፤ በደላንታ ገደል ወገብ ላይ የሚቆፍሩት ሰዎችም፣ ፒያሳ ድንጋይ ላይ ወርቅ የሚፈትጉትም እሱን ሠርተው ነው ልጅ ያሳደጉት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ላይቩን ከፍቼ ጻፍኩ፦ «ለስኳር ያሉት ብልቃጥ የምዝገባ ቁጥሩ ስንት ነው?» ጽሑፌ ከልቦችና ከአበባዎች መካከል ለጥቂት ጊዜ ታየ። ሴትዮዋ አነበበችው፤ ዓይኗ ሲቆም አይቻለሁ። ከዚያ ሌላ ሰው «ለመገጣጠሚያ አለ?» ብሎ ጻፈና ብልቃጡን አነሣች። ጥያቄዬ ጠፋ። ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ እግራቸውን በፎጣ ጠቅልለው። «ድጋሚ ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት።